ስለ እናቴ የመማር ዝግጁነት ለፈረዱት ኃላፊ

«ትምህርቱ በሚገባ ተሰጥቷቸዋል፤ ለመማር ዝግጁ ያልነበሩት እናትዎ ናቸው።»

ለተከበሩ ሲስተር ቀጸላ አምባዬ
በየካ ክፍለ ከተማ የኮረብታ ሥር ጤና ጣቢያ የጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ለእርስዎና ለቤተሰብዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ ቢታመሙ የሚያስተምርዎት የራስዎ ክፍል ነውና ምኞቴ ከልብ ነው።

ከላይ ያሰፈርኩት ባለፈው ሳምንት በቢሮዎ በር ላይ ቆመው የሰጡኝ መልስ ነው። የጠየቅሁዎት፣ እናቴ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የኢንሱሊን መርፌዋን ጠዋት ተወግታ፣ እህል ሳትቀምስ የፍልሰታን ቅዳሴ ለማስቀደስ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስትወጣ፣ ላብ አጥምቋት ባሕር ዛፍ ሥር ወድቃ የተገኘችው ለምን እንደሆነ ነበር። ቅሬታዬ እነሆ፦

1. የስኳር ሕመም እንዳለባት በሰማችበት ጠዋት፣ ለትምህርት ከተሰበሰቡት ታካሚዎች ጋር አስቀምጣችሁ አስተማራችኋት። ደንግጣ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ጊዜ ስለቆጠባችሁ አመሰግናለሁ።

2. ዝግጁነቷን የመዘናችሁት «ገባዎት እማማ?» በሚል አንድ ጥያቄ ነው። እሷም «እሺ ልጄ» አለች። አንዲት አሮጊት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ በሰው ፊት እንዳታፍርባት ስትል እሺ እንደምትል የመገናኛ የታክሲ ረዳት እንኳ ያውቃል። እርስዎ የተማሩ ስለሆኑ ይህን የማወቅ ግዴታ የለብዎትም።

3. ስኳሯ እንዳይወርድ ከመርፌው በኋላ እንድትበላ ተነግሯታል። ትጾም እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም። ለምን እንዳልተናገረች ብጠይቃት «አልጠየቁኝማ፤ ደግሞ በፍልሰታ ማን ጠዋት ይበላል?» አለችኝ። ማተቧን አይታችሁ ጾሟን ያላሰባችሁበት ጥበብ በየትኛው ኮሌጅ እንደሚሰጥ ቢጠቁሙኝ ልጆቼን ከዚያ አርቃቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ፣ እናቴ መትረፏን ሳይጠይቁ ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጥሉ አስቀድመው በማወቅዎ ከፍ ያለ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እናቴ አሁንም በየጠዋቱ መርፌ ትወጋለች፤ የምትፈራው ግን መርፌውን ሳይሆን እናንተን ነው። ስለዚህ ማን በድጋሚ እንደሚያስተምራት፣ ከማስተማሩም በፊት ምን ምን እንደሚጠይቃት እስከ ጳጉሜን 3 ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። የቃል መልስዎን ቀምሼዋለሁ። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ በታካሚዎች መግቢያ በር ላይ ተለጥፏል፤ ዘበኛው ቢነቅለው ሌላ አዘጋጅቻለሁ።

እስከ መጨረሻው ከሥርዎ የማልጠፋ አክባሪዎ፣
ማቲዎስ ወልደ ሐዋርያት
ከመሪ ኮንዶሚኒየም

ማሳሰቢያ፦ እናቴ በጸሎቷ ልታስብዎት ፈልጋ የክርስትና ስምዎን ትጠይቃለች። የመዝገብ ስምዎን አትፈልገውም፤ እሱን እኔ ለሙያ ፈቃድ ሰጪው ክፍል አስገብቻለሁ።