ከነፍስ ይማር በፊት

ጽናትዬ፣

ካርዱ ላይ ያለችው ቀይ ቀበሮ የጓሳ ናት። ዛሬ ጠዋት ከምታውቂው ሱዳናዊ ባልደረባዬ ከጣይብ ጋር መሐል ሜዳ አንድ ቁርስ ቤት ፍርፍር እየበላን ነበር። ቴሌቪዥኑ የተቃጠለ የሰሊጥ ማሳ እያሳየ «ድንበር የጣሱ ሦስት ወራሪዎች ተደመሰሱ» አለ። ጣይብ ስልኩን ከፈተ። የእነሱም ጣቢያ ያንኑ ማሳ ያሳያል፤ «ሦስት ገበሬዎቻችን በገዛ መሬታቸው ተገደሉ» ይላል ብሎ ተረጎመልኝ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ዓለሚቱ ይህን ሲሰሙ «ነፍስ ይማር» አሉ። የሚበላውም ሁሉ እጁን ሰብስቦ አብሯቸው አለ። የየት አገር ሰዎች ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። ቤቱ ጸጥ ሲል የእኔ ድምፅ ብቻውን ቀረ፤ «የምን ገበሬ ነው፣ ወታደሮች ናቸው» እያልኩ ጣይብን እከራከር ነበር። እሱ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። እኛ ቤትም ዜና ስንሰማ ነፍስ ይማር ሳንል እንዲሁ እንከራከራለን፤ እዚያ ግን ጣይብ አጠገባችን ስለሌለ አይታወቀንም።

እማዬን ሳሚልኝ፤ ዮፍታሄንም ሰላም በይልኝ። ከታች የተረፈችው ቦታ ጣይብ ሰላምታውን እንዲጽፍልሽ የተውኳት ነበረች። ካርዱን ልሰጠው አፍሬ ባዶዋን ላክኋት።

ምንይሉ