ያልተከፈተው ውሃ

ሐሙስ፣ የካቲት 26

መዝገብ ቤት፣ አቧራ፣ ማስነጠስ። አለቃዬ ሉልሰገድ ዛሬም ፋይል ሲያዘኝ "አትሌታችን፣ በሩጫ!" አለ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ልመልስለት ነበር… ጾም ነው። ምላስም ይጾማል። ከፋሲካ በኋላ እንተያያለን።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዬን በላሁ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። አስራ አንድ ላይ ምኒልክ አደባባይ። ጓደኛዬ መይሙና ቀድማኝ ደርሳ የሩጫ ጫማዋን ክር ታጠብቃለች። ልደርስባት ጥቂት ሲቀረኝ አፌን በሹራቤ እጅጌ ጠረግኩ። እርጥብ ከንፈር እንዳታይብኝ። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል፤ የእኔ ጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይለቀኛል፣ የእሷ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይለቃትም። እሷ ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ሳትቀምስ እኔ ውሃ ልጠጣ፣ ያውም ፊት ለፊቷ? አላደርገውም።

ቁልቁል እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ከዚያ ዳገቱን ተመለስን።

"ደከመሽ?" አልኳት።

"እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ የደከመሽ።"

"ኧረ እኔ ገና አልሞቀኝም!"

ሁለታችንም ቁና ቁና እየተነፈስን። ውሸታሞች።

እሑድ፣ የካቲት 29

የሩጫውን ካናቴራ ወሰድን። ዘንድሮ ብርቱካናማ ነው። የሴቶቹ አምስት ኪሎ ሜትር፣ የዛሬ ሳምንት። ለእኔና ለመይሙና ሰባተኛችን። "ስድስት ዓመት፣ አንድም ሳናጓድል!" አልኳት። እሷ ካናቴራዋን አጣጠፈች፣ ፈታችው፣ እንደገና አጣጠፈችው። ጾሙ አድክሟት ይሆናል።

እንደ ልማዷ አዲስ ካልሲ ሰጠችኝ። በየዓመቱ ለሩጫው አንድ። ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ያለችው ሱቋ በካልሲና በፎጣ ተጨናንቃ እሷ ስትገባ ደንበኛ መውጣት አለበት። (ይህን ብነግራት በካልሲው ታንቀኛለች።)

ከሩጫ በኋላ የምናደርገውን ልጻፈው፣ ሳረጅ እንዳልረሳው። ታክሲ አንይዝም። ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ በእግር፣ ሜዳሊያው አንገት ላይ። ከዚያ ቤቷ፣ ከሱቁ ጀርባ። ትልቁ ሰማያዊ ሳፋ ይወጣል። ሙቅ ውሃ፣ እፍኝ ጨው፣ አራት እግር። የእሷ እግር ትልቅ ነው፣ ቦታ ይይዝብኛል፣ እንጣላለን። እሷ የእኔን ሥጋ አትበላም፣ እኔም የእሷን አልበላም፤ በዓል ሲመጣ ሁለት ድስት ነው የሚጣደው። ሳፋው ግን አንድ ነው። ከሩጫው ይልቅ ይቺን ሰዓት ነው ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው… ለማንም ብናገር አያምነኝም።

ሰኞ ደግሞ የእኔ ብቻ የሆነች ልማድ አለች። አራተኛ ፎቅ ድረስ መደገፊያ ሳልይዝ በደረጃ መውጣት። ጭኔ እየተንቀጠቀጠ፣ ሉልሰገድ እያየ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ወሰንኩ። እሑድ እሷ እስክታፈጥር እኔም ውሃ አልጠጣም። አልነግራትም። ከነገርኳት ትቆጣለች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

አርሴማ ነርስነት መማር ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ሆስፒታል ሆኗል። "እማ፣ ነገ ሩጫ አለብሽ፣ ውሃ ጠጪ።" አንድ ብርጭቆ ጠጣሁላት። ሁለተኛውን ስትቀዳ ተኛሁ አልኩ። ልጄን ደግሞ ምን ብዬ ላስረዳት?

ካልሲው ልኬ ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው። ግራ ቅንድቤ ላይ ሦስት ስፌት። ዛሬ ደረጃም የለ፣ ቢሮም የለ።

ትናንትን በቅደም ተከተል ልጻፍ። ሩጫው ጥሩ ነበር። አቤት ሕዝብ! ዘፈን፣ ጥሩምባ፣ ፀሐይ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ጨረስን። እዚያው በር ላይ ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የታሸገ ውሃ ይሰጣሉ። መይሙና የራሷን ለአንዲት አሮጊት ሰጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጠጪ። እሑድ ነው፣ ቅዳሴ ወጥቷል፣ አንቺ ምን አለብሽ?"

"እጠጣለሁ።"

"እኔን ፈርተሽ ከሆነ ዞር ብለሽ ጠጪ። አላይሽም።"

ዞር አልኩ። ውሃውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አፌን በእጄ ጠረግኩ፣ ልክ እንደጠጣ ሰው።

"ጠጣሽ?"

"ጠጣሁ።"

ቀላል ውሸት ነበር። ምንም የማይጎዳ። እንዲያውም በልቤ ኮርቻለሁ… ምን ዓይነት ጓደኛ ነኝ! እያልኩ።

ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ ዳገቱ ዘንድሮ አላልቅ አለኝ። ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። መይሙና ታወራለች፣ እኔ እራሴን እነቀንቃለሁ። ቤት ገባን፣ ሳፋው ወጣ፣ እግራችንን ነከርን። እንደዚያ ተመችቶኝ አያውቅም። ሙቀቱ እግሬን ብቻ ሳይሆን መላ አካላቴን ፈታው። ፎጣ ላነሳ ብድግ አልኩ… ግድግዳው ወደ ጎን ሄደ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የመይሙናን ጩኸት ነው። በፊቴ ሳፋው ጠርዝ ላይ ወድቄ ነው አሉ። ሳፋው ተሰንጥቋል።

ባሏ አብዱልመሊክ ከሱቁ ሮጦ መጥቶ አቅፎኝ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ። ክሊኒክ፣ ግሉኮስ ተሰካልኝ። ዶክተሩ ልጅ እግር ነው፣ "እርስዎ" ይለኛል። (አርጅቻለሁ ማለት ነው።)

"ከሩጫ በኋላ ምን ያደርጋሉ?"

"በእግሬ ዳገት እወጣለሁ። ከዚያ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ እነክራለሁ። ሰኞ አራተኛ ፎቅ በደረጃ እወጣለሁ።"

"እረፍትስ?"

"እሱስ የለም።"

"ውሃስ ስንት ጠጡ?"

መይሙና "ጠጥታለች፣ እዚያው በር ላይ ጠጥታለች" አለችልኝ። መታወቂያዬን ልታወጣ ቦርሳዬን ከፈተች። ውሃውን አገኘችው። ክዳኑ እንደታሸገ።

አገላብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ውሃውን ይዛ ወጣች። አርሴማን ጠርታልኝ ነው የሄደችው… እሷ እራሷ ግን አልተመለሰችም።

ሦስት ሳምንት ሩጫ ክልክል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8

አልደወለችም። ደወልኩ፣ አላነሳችም።

አርሴማ የሩጫ ጫማዬን ደበቀችው። ቁም ሳጥን ላይ ነው፣ አይቼዋለሁ። ላውርደው አላሰኘኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ዛሬ ዒድ ነው። በየዓመቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቷ ነኝ። ዛሬ ለበስኩ፣ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ምን ብዬ ልግባ? ዋሽቼሽ ነው እንኳን አደረሰሽ?

ስምንት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ዘልዬ ተነሳሁ። አብዱልመሊክ ነው፣ ብቻውን፣ በእጁ ምሳ ዕቃ።

"እንኳን አደረሳችሁ አብዱልመሊክ… እሷስ?"

"እንግዳ በዝቶባት ነው" አለ። እሱም መዋሸት አይችልበትም። ቀጥሎ "አቦ፣ ሁለታችሁም እልኸኞች ናችሁ፣ እኔን ተላላኪ አደረጋችሁኝ" ብሎ ሳቀ። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ።

ምሳ ዕቃውን ከፈትኩት። ምስር፣ ጎመን በዘይት፣ ድንች። የጾም። እንደ ሁልጊዜው ለብቻው ድስት የሠራችልኝ። ያን ሁሉ እንግዳ፣ ያን ሁሉ ሥጋ እያስተናገደች… ተቆጥታም ድስቴን ጣደችልኝ። አለቀስኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በላሁት፣ እያለቀስኩ። ጨው አንሶታል። ሆን ብላ ይሆን?

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ከሥራ በኋላ ሱቋ ሄድኩ። ምሳ ዕቃውን ልመልስ በሚል ሰበብ። ባዶ አይመለስም፣ ብርቱካን ሞላሁበት። ያ ውሃ መደርደሪያ ላይ አለ፣ ከካልሲዎቹ መሀል፣ እንደታሸገ።

"የሚሸጥ ነው?" አልኳት፣ ልቀልድ ብዬ።

አልሳቀችም። ደንበኛዋን ሸኘችና በሩን ገርበብ አደረገችው።

"እኔ የተጠማሁት ለአላህ ነው" አለች። "አንቺ ለማን ነው የተጠማሽው?"

"ለአንቺ… አንቺ እየተጠማሽ እኔ…"

"እኔ መች አዝኚልኝ አልኩ? ጾሜን ዕዳ አደረግሽብኝ፣ ዓለሜ። ስትወድቂ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ለአርሴማ ምን ብዬ ነው የምነግራት! እናትሽን እኔ ቤት ገደልኳት ልበላት?"

ክንዴን ጨብጣ አልለቅ አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም ለካ። ፈርታ ነው። ስምንት ቀን ሙሉ ፈርታ ነው።

ይቅርታ አልኳት። ቀጥ አድርጌ፣ ያለ ቀልድ። ዋሽቼሻለሁ፣ ደግሜ አልዋሽሽም አልኩ። ተቀመጠች። ብርቱካን አነሳች፣ መላጥ ጀመረች፣ ተወችው።

"እኔም ልንገርሽ። ዘንድሮ መሮጥ አልፈለግኩም ነበር። ለረመዳን መስገጃዬ ላይ ልቆይ፣ ልረፍ ብዬ ነበር። ስድስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት እያልሽ ስትቆጥሪ አፈርኩ። ለአንቺ ብዬ ነው የሮጥኩት።"

እኔ ለእሷ ብዬ አልጠጣሁም። እሷ ለእኔ ብላ ሮጠች። ማንም ማንን አልጠየቀም… ይሉኝታ ሁለታችንንም ገመድ አስገብቶ ሲጎትተን ከርሟል። ካናቴራውን ስታጣጥፍና ስትፈታ እኮ አይቻታለሁ። ለምን አልጠየቅኳትም? መልሱን ስለፈራሁት ነው። እውነቱ ይኼ ነው።

"አሁንስ አብረን መሮጥ ቀረ?" አልኳት።

"እስቲ መጀመሪያ ቅንድብሽ ይዳን" አለች። አዎም አላለች፣ አይደለምም አላለች። ውሃውን ግን ልወስድ እጄን ስዘረጋ መታችኝ። "ይቀመጥ። የእኔ ነው።"

ረቡዕ፣ መጋቢት 23

ስፌቱ ከወጣ ቆየ። እረፍት ከሩጫ ይከብዳል። ዛሬ ቢሮ በደረጃ ወጣሁ፣ ቀስ ብዬ፣ መደገፊያ ይዤ። ሉልሰገድ ከላይ ሆኖ አየኝ። "አትሌታችን" ሊል ነው ብዬ ስጠብቅ ወርዶ የታቀፍኳቸውን ፋይሎች ተቀበለኝ። "ባለፈው ዓመት እኔም ጉልበቴን አሞኝ ነበር፣ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት" አለ። ይኼን ሰውዬ ሳልሰድበው ጾሜን ልፈታ ነው።

መይሙና ትደውላለች። አጭር አጭር። "ጠጣሽ?" ትላለች። "ጠጣሁ" እላለሁ። ስልኩን ትዘጋለች። ታምነኝ ይሆን?

ሰኞ፣ ሚያዝያ 5

የፋሲካ ማግስት። አርሴማ ዶሮውን እያሞቀች ሳለ በሩ ተከፈተ። መይሙና! በብብቷ አዲስ ሳፋ ይዛ። አረንጓዴ፣ ከበፊቱ የሚተልቅ። ልታሳየኝ ብቻ ነው፣ መልሳ ቤቷ ትወስደዋለች። ታክሲ ውስጥ ሰው ሁሉ ልብስ ልታጥብ የምትሄድ መስሎት ነበር አለች።

ለእሷ ያስቀመጥኩትን ዳቦና ማር፣ ፍራፍሬውንም አቀረብኩ። በላች። ቅንድቤን በጣቷ ዳሰሰች። "ጠባሳው ያምርብሻል፣ ወንበዴ ትመስያለሽ።" ሳቅኩ፣ ሳቀች። እንዴት ናፍቆኝ ነበር ሳቋ!

ከዚያ ጣቷን ቀስራ ሕግ አወጣች። አርሴማ ምስክር ሆነች።

"አንደኛ፣ መጀመሪያ ውሃ በአፍ፣ ከዚያ ውሃ በእግር። ሁለተኛ፣ ዳገቱን በታክሲ። ሦስተኛ፣ መሮጥ ያልፈለገች አልፈልግም ትላለች፣ ሌላዋ አታኮርፍም።"

"ዓመት ሳናጓድል የሚለውስ?"

"እሱ ቀርቷል።"

ትንሽ ቆረጠኝ። ግን እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

አስራ አንድ ሰዓት፣ ምኒልክ አደባባይ። ከወር በላይ ሆኖን! ቁልቁል በዝግታ፣ ዳገቱን በእርምጃ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቆምን።

"ደከመሽ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ።

"እኔም" አለች።

ሱቋ ስንደርስ አልተቀመጠችም። ፊቷ ገርጥቷል። ነቃሁ።

"ጾም ላይ ነሽ እንዴ?"

"የሸዋልን ስድስት ቀን እየያዝኩ ነው። ከዒድ በኋላ ያለውን። ዛሬ አምስተኛዬ ነው።" መደበቋ ነው ብዬ ልቆጣ ስል ቀደመችኝ። "የነገርኩሽ እኮ ስለጠየቅሽኝ ነው። አሁንም መሮጡን ወድጄ ነው የመጣሁት።"

ከካልሲዎቹ መሀል ያንን ውሃ አወረደችው። አቧራውን በሻርፗ ጠረገችና ዘረጋችልኝ።

"ክፈቺው።"

ጾሟን የምትፈታበት መግሪብ ሊደርስ ገና ሰዓት ይቀራል። ከንፈሯ ደርቋል። በአእምሮዬ ወደ በሩ ዞር ብያለሁ፣ ልማድ ነው… እግሬን ግን አላንቀሳቀስኩትም። ክዳኑ ቀጭ አለ። ፊት ለፊቷ ጠጣሁ። ሞቅ ብሏል፣ ላስቲክ ላስቲክ ይላል። እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣሁት። እሷ እጇን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ። ከዚያ ሳፋውን ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

አፌን አልጠረግኩም።