በድካም መከላከያ ክፍለ ጊዜ ስለተኛችው የልጅ ልጄ

ይድረስ ካዛንቺስ ለሚገኘው የልጆቻችን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ለክቡር አቶ ታዲዎስ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ነው? እኔ ጡረተኛዋ የሂሳብ መምህርት፣ ፈጣሪ ይመስገንና ደኅና ነኝ፤ የልጅ ልጄ አርያምም፣ እርስዎ ከክፍል ካገዷት ወዲህ፣ እጅግ በጣም ደኅና ናት።

ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች የዋሉት ውለታ በቢሮዎ ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይቀር ብዬ ነው። እንደ ልማዴም ተራ በተራ አስቀምጠዋለሁ።

፩. ከመደበኛው ትምህርት በፊት ቲቶሪያል፣ ከመደበኛው ትምህርት በኋላም ቲቶሪያል፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ፣ እሑድ ደግሞ ሞዴል ፈተና ስለደነገጉልን ከልብ አመሰግናለሁ። እኛ በምናስተምርበት ዘመን ልጆች ቤታቸው ገብተው የተማሩትን የማሰላሰል መጥፎ ልማድ ነበራቸው፤ በእርስዎ ጊዜ ይህ ተወግዷል። አርያምም ከሜክሲኮ ካዛንቺስ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ ብረቱን ይዛ ቆማ መተኛት ችላለች።

፪. ልጆቹ በየዴስካቸው ላይ ሲደፉ አይተው ዝም አላሉም፤ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴውም በጥልቀት ተወያይቶ፣ ልጆቹ የሚደክማቸው ስለ ድካም ስላልተማሩ መሆኑን ደረሰበት። ስለዚህ እሑድ ከሞዴል ፈተናው በኋላ፣ ሃንድአውትና ማርክ ያለው «የድካም መከላከያ» የሚባል ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ ተከፈተ። ሃንድአውቱ የበቂ እንቅልፍን ጥቅም በሰፊው ያትታል፤ አርያምም እርሱን ለመሸምደድ ስትል በቂ እንቅልፏን ሠውታለታለች።

፫. የዚህ ትምህርት የመጀመሪያ የቤት ሥራ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የዕረፍት ፕሮግራም ሠርቶ እንዲያቀርብ ነበር። አርያም የሳምንቱን ሠንጠረዥ ይዛ መጥታ፣ እማማ፣ ዕረፍት የማስገባበት ሳጥን አጣሁ ብላ አለቀሰችብኝ። መነጽሬን አድርጌ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ሳጥን በሳጥን ፈተሽኩት። ፈተና የሌለበት፣ ልምምድ የማይሠራበት ሳጥን አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም የድካም መከላከያ ክፍለ ጊዜ ራሱ ነው። እዚያው ላይ «እንቅልፍ» ብላ ሞላችው። መምህሩም፣ ምን ያህል እንዳነበቡት ባላውቅም፣ «ጎበዝ፤ በተግባር ይዋል» ብለው ፈርመው መለሱላት።

፬. በሚቀጥለው እሑድ በተግባር ዋለ። ፊት ወንበር ላይ፣ ሃንድአውቱን ትራስ አድርጋ ተኛች፤ እንዳላንኮራፋች የክፍል ጓደኞቿ መስክረዋል። ለዚህም ዜሮ ተሰጣት፤ ወላጅ አምጪ ተባለች፤ ወላጅ ቀርቦ እስኪፈርም ድረስም ከክፍል ታገደች። እናትና አባቷ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለሆኑ እኔ ቀረብኩ። በመመሪያዎ መሠረት አያት ወላጅ አይደለችም ተብዬም ተመለስኩ። እናቷን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ግን መመሪያ መመሪያ ነው።

ክቡር ሆይ፣ የተባለውን በትክክል ለሠራ ተማሪ ዜሮ ሰጥቼ አላውቅም። ከክፍሉ ሁሉ ትምህርቱ የገባት እርሷ ብቻ ናት፤ ሌሎቹማ የዐይናቸውን ቆብ በጣታቸው ደግፈው ስለ እንቅልፍ ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። ስለዚህ ዜሮዋ ወደ ሙሉ ማርክ ይታረምልኝ።

እገዳውን በተመለከተ ግን ቅሬታ የለኝም፤ እንዲያውም ምስጋናዬ ወሰን አጥቷል። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሕፃን ልጅ ተኛች። በማግስቱ ስትነሣ ሣቀች፤ ሣቋን ረስቼው ኖሯል። ከዚያም ማንም ሳያዛት ደብተሯን ገልጣ፣ ስንት ጊዜ ያስለቀሳትን የካልኩለስ ጥያቄ ሠርታ፣ እየዘለለች ወጥ ቤት ድረስ አመጣችልኝ። በቀይ አረምኩላት፤ ልክ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ወንፊት እንደያዝኩ እስክስታ ወረድኩ። ወሬው ተሰምቶ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ጀማነሽ ይህ ቅጣት ለልጃቸው በምን መንገድ እንደሚገኝ እየጠየቁኝ ነው፤ ሰው ማወቅ ያስፈልጋል ወይ ይላሉ።

እንግዲህ በትሕትና የምለምንዎ ይህ ነው፦ ብሔራዊ ፈተናው እየደረሰ ስለሆነ አርያም ወደ ክፍሏ ትመለስልኝ። ከዚያ በፊት ግን፣ የእርሷ ብቻ ሆኖ መቅረቱ አድልዎ እንዳይመስል፣ ቅጣቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ለአንድ ሳምንት ይሰጥልን።

የቲቶሪያልዎ፣ የኮሚቴዎና የመመሪያዎ የማይደክማት አድናቂ፣
ለተገብርኤል መብርሃቶም
ወላጅ ያልሆነችው አያት፣ ከሜክሲኮ

ማሳሰቢያ፦ በቀረብኩ ዕለት ዘበኛው ምንዳዬ በቢሮዎ በር ላይ ያቆዩኝ፣ ርእሰ መምህሩን የድካም መከላከያ ኮሚቴው ስብሰባ አድክሟቸው አረፍ ብለዋል ብለው ነው። በመስኮት አየሁዎ፤ ጉንጭዎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልቀሰቀስኩዎትም፤ አሥር ከአሥር ሰጥቼዎት ሄድኩ። ወላጅ ይዘው እንዲመጡ የሚያዝዎት ሰው ግን ግቢው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።