ለገና የሰጠሁብሽ ካፖርት

ሶስና፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብይ።
እኔ ኮምቦልቻ እናቴ ጋ ወርጃለሁ።

ለተፈናቃዮቹ ልጆች የገና ስጦታ ብዬ የሠራኋቸውን ሹራቦች አውጥተሽ ለእህትሽ ልጆች መላክሽን ዛሬ አወቅሁ። ብትጠይቂኝ ለእነሱም እሠራላቸው ነበር።

በምትካቸው የከተትሻቸውን ቡትቶዎች ከፌስታሉ ያወጣቻቸው የተፈናቃዮቹ ልጆች እናት ናት፤ ያውም ሰው ሁሉ እያየ። አጣጥፋ መለሰቻቸውና «ጌታ ይባርክሽ» አለችኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ቤት ተመልሼ ለወንድምሽ ሰርግ ያስቀመጥሽውን ቀይ ካፖርት ወሰድኩላት። ልክክ አለላት።
«ከማን ነው?» ስትለኝ፣
«ከሶስና» አልኳት።

እሁድ ለብሳው ቸርች ትመጣለች፤ ሰው ፊት ቆማ ልታመሰግንሽ ነው። እቅፍ አድርገሽ «ምንም አይደል» በያት።

አቢጌል