የነሐሷ ጊር

ጥር 6
ወንድሜ ዋሸብኝ። ትናንት፣ ውድድር ሜዳ ላይ፣ የውድድር መኪናዋ ባለቤትና ሃያ የሚሆን ሰው እያየ።

ዛሬ እንደ ወትሮው ሁለት ሰዓት ላይ የእኔንና የወንድሜን ጋራዥ ከፈትኩ። ጠረግኩ። የአንድ ባለ ታክሲ ካንዴላ ቀየርኩ።

መኪናዋ በሦስተኛው ዙር ነው የቆመችው። መጀመሪያ አስነጠሳት፤ ከዚያ በጭስ ማውጫዋ ተኮሰች፤ ከዚያ ዝም። ባለቤቱ "ምን ሆነች?" ሲል ወንድሜ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። "ዲስትሪቢዩተሩን የሠራው ሽማግሌው ነው። እጁ ደክሟል።"

ሽማግሌው! ስድሳ ዓመት ሙሉ ወንድምጋሼ ሲለኝ የኖረ ሰው።

ዕቃዬን ሰብስቤ በእግሬ ገባሁ።

ጥር 7
ዲስትሪቢዩተሩን፣ እሳት ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን፣ ነቀልኩት። ጫፉ ላይ ያለችው ጊር ተበልታ ጥርሷ እንደ ቢላ ሰልቷል። ኦሊዮው ውስጥ የብረት ዱቄት። ይህች ጊር ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካምሻፍቱ፣ ጥርስ ጋር ገጥማ ነው የምትዞረው። እሷ ካለቀች እሳቱ ጊዜውን ይስታል። መቆሟ አይገርምም።

ግን ለምን አለቀች? ኅዳር ላይ ሞተሩ ሲታደስ አዲስ አስገባሁ። እንደ ድሮዋ የጊዛ ናት፣ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ካምሻፍቱም ጊዛ ነው። ድሮዋና እሱ ስድስት ዓመት ተስማምተው ኖረዋል…

ወይስ እጄ በእርግጥ ደክሟል?

ጥር 8
አልደከመም። ዛሬ ሦስት ካርቡሬተር ፈትቼ ገጠምኩ። አንዲት ብሎን አልተረፈችኝም።

ጥር 9
እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሕግ አለ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ተጣልተን ስንታረቅ ያወጣነው። ካምሻፍትና ከእሱ በታች ያለው የወንድሜ። እሳትና ነዳጅ የኔ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይከፍትም፣ አይነካም፣ አይጠይቅም። ብረት የምናስርበት ሞርሳ እንኳ ለየብቻ ነው።

ዛሬ ሕጉን አፈረስኩ። ለምሳ ሲወጣ ጠብቄ በዲስትሪቢዩተሩ ቀዳዳ ባትሪ አበራሁ። የካምሻፍቱ ጥርስ ያብለጨልጫል። አንድ ጭረት የለበትም። ጣቴን ሰደድኩ። የጊዛ ካምሻፍት ከጥርሱ አጠገብ እንደ ዳቦ ቅርፊት ሻካራ ነው። ይሄኛው ዙሪያውን በማሽን የተላገ ነው፤ እንደ ብርጭቆ ያንሸራትታል።

አረብ ብረት ነው። ካምሻፍቱን ቀይሮታል። ቀይሮ አልነገረኝም። በአረብ ብረት ላይ የጊዛ ጊር አስገብቼ አስበላሁ።

ወደ እኔ ሲጠቁም ይህን ያውቅ ነበር።

ጥር 10
የወንድሜ ልጅ መጣች። መኪናዋን የምትነዳው እሷ ናት።

"ጋሼ፣ የካቲት ሁለት ውድድር ላይ ድጋሚ ከቆመች ለሌላ ሾፌር እሰጣለሁ ብሏል ባለቤቱ።"
"አባትሽን ጠይቂ።"
"እሱ እርስዎን ጠይቂ አለኝ።"
"እኔና እሱ የምንቀባበለው ኳስ ነሽ እንዴ?"
"እስካሁን ምን ነበርኩ ታዲያ?"

ካምሻፍቱ መቀየሩን ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት። ታውቃለች። አባቷ ነግሬዋለሁ ብሏት ነበር። አልነገረኝም አልኩ።

"እርስዎስ ጠይቀውት ነበር?"
"ሕጉ አይጠይቅም ይላል።"
"እኔ በሁለት መቶ ስነዳ ሕጋችሁ አጠገቤ አይቀመጥም፣ ጋሼ።"

ሄደች። ሻይዋን እንኳ አልጨረሰችም።

አልጠየቅኩም። ይህም አለ።

ጥር 13
መለዋወጫ ሱቅ። ሻጩ ሦስት ጊር ደረደረልኝ።

"አባባ፣ ሁሉም አንድ ነው። ለሁሉም መኪና ይሆናል።"
"ኮፍያ መሰለህ?"

ካሊፐሬን አወጣሁ። የአንዷ ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ የሌላ ዓይነት ዲስትሪቢዩተር ናት። በእኔ ዘንግ ላይ ትዋልላለች። ሁለተኛዋ አረብ ብረት ናት፤ ልኳ ልክ ነው። ከየትኛው ካምሻፍት ጋር እንድትሄድ ነው የጠነከረችው? አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። የማላውቀውን ብረት ከሌላ ብረት ጋር አላጋባም። ሦስተኛዋ ነሐስ። ልኳ ልክ ነው።

"እሷ ቶሎ ታልቃለች፣ አባባ። በኋላ እንዳይሰድቡኝ።"
"ታልቃለች ብዬ ነው የምወስዳት።"

እንደ እብድ አየኝ። ይየኝ።

ጥር 14
ነሐስ ለስላሳ ነው። መበላት ካለ እሱ ይበላል፣ ካምሻፍቱ ይተርፋል። ግን ከየውድድሩ በኋላ ተነቅሎ መታየት አለበት። ከሥር ያለው ጥርስም አብሮ ይታያል። ያ ደግሞ የወንድሜ ክፍል ነው።

ሌላ መንገድ ፈለግኩ። ቀኑን ሙሉ። የለም።

ጥር 16
የተበላችውን ጊር ወስጄ ሞርሳው ላይ አስቀመጥኩለት። አገላብጦ አያት።

"ካምሻፍቱ ምንድን ነው?" አልኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ስጠይቀው የመጀመሪያዬ።

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሕ እጅ ነበር።
"አረብ ብረት።"
"መቼ?"
"ኅዳር።"
"እሺ። ነሐስ አስገባለሁ። በየውድድሩ ይነቀላል። ባትሪ የምትይዘው አንተ ነህ።"
"እኔ?"
"ሌላ ወንድም አለኝ እንዴ?"

ከሰዓት በኋላ ኦሊዮውን አፍስሶ ሞተሩን ሁለት ጊዜ አጠበ። ማንም ሳይነግረው።

ጥር 19
ጊሯ ገባች። ዘንጉ ላይ የምትይዛትን ስፒና ራሴ መታሁ። በእጄ ሳዞራት ያለ ኮሽታ ዞረች።

የካቲት 2
አሥራ ሁለቱንም ዙር ጨረሰች። አራተኛ ወጣች። ልጅቷ ከመኪናው ወረደች። ባለቤቱ "በሉ፣ እሷው ትንዳ" አለ። ቀጥሎ "ሞተሩን ማን አስተካከለው?" ብሎ ጠየቀ።

ወንድሜ በዚያው ጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ። ምንም አልጨመረበትም።

የካቲት 3
ነቀልናት። ኦሊዮው ውስጥ ቢጫ ዱቄት አለ፤ ጥቂት። ጥርሷ ደህና ነው። ለሁለት ውድድር ትበቃለች። ከሥር ያለው አልተነካም።

ወንድሜ ባትሪ ይዞልኝ ቆሟል።
"ወንድምጋሼ…"
"እ?"
"ያን ቀን ሜዳው ላይ…"
"ወደ ግራ አብራ።"
"ማለቴ እኔ…"
"መብራቱ ይወዛወዛል። እጅህ ደክሟል እንዴ?"

መብራቱ ቀጥ አለ።

ከሰዓት በኋላ ባለ ታክሲው መጣ። ካንዴላው አይደለም፣ ወሬ ነው ያመጣው። "እንዲያው መኪናዋ ያን ጊዜ ሜዳው ላይ ምን ሆና ነው የቆመችው?" አለኝ። ወንድሜ ከሞርሳው ቀና አለ።

"ቆማ ነበር እንዴ?" አልኩት።

ከዛሬ ወዲያ ይህ ነገር ከአፌ አይወጣም። እዚህም አልጽፈውም።