እምዬና አጭሩ በር

ለምወድህና ለምናፍቅህ ታላቅ ወንድሜ ለቬላዩዳም፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የሲንጋፖር ሙቀት በረደልህ? ያ የመርከብ ብየዳ ዓይንህን አላደከመውም? እኛ ከእምዬ ጉልበት በቀር ሁላችንም ደኅና ነን። እሷም ብትሆን ዘንድሮ ያመማት በክብር ነውና አትዘንላት።

አባታችን ካረፈ ወዲህ እንስት አምላካችንን ኮዲያምማን በየዓመቱ ለሺቫ የመዳሩ ወግ የደረሰው ላንተ ነበር። አንተ ግን «እኔ ሩቅ ነኝ፤ የሩዝ ነጋዴው ቫይራቫን ከፈለገው ይውሰደው፤ ተዉት» ብለህ ጻፍክ። ሳነብላት እምዬ ቱግ አለች። «ይሄ ልጅ ባሕር ሲሻገር ታሪኩን አራግፎት ሄዷል፤ ጻፊለት» አለችኝ። እንግዲህ የምታውቀውን መልሼ ስነግርህ እኔን ሳይሆን እሷን ተቆጣ፣ ከደፈርክ።

የመጀመሪያው አያታችን የሸክላ አፈር ሲቆፍር ሕፃኗን ኮዲያምማን ከጉድጓድ አገኛት፤ እንደ ልጁም አሳደጋት። የቤተ መቅደሱ ጌታ ሺቫ ሲያጫት ለልጁ የሚሰጣት ከአንድ እንስራ ውሃ በቀር አልነበረውም። በዚያ ሰማይ በሚነካ የበር ማማ ሥር፣ በነገሥታት መሃል፣ እንስራ ተሸክሞ ማለፍ አፈረ። ሺቫም በምሥራቁ ግንብ ለአማቱ ብቻ የሚሆን አጭር በር ከፈተለት። ይኸው እስከ ዛሬ የሙሽሪት መታጠቢያ ውሃ በዚያ በር፣ በራስ ላይ ሆኖ፣ በጉልበት እየተዳኸ ይገባል። ውሃው ጠብ ካለ የሙሽሪት ወገን አይደለህም።

ቫይራቫን ለቤተ መቅደሱ አዲስ የድንጋይ ወለል ላንጥፍ ብሎ ነበርና የኮሚቴው ሽማግሌዎች ልባቸው ወደ እሱ አደላ። «ወንድ ልጁ ከሌለ ወጉም የለም» አሉ። እምዬ «ልጄ ቢሄድ እኔ የት ሄድኩ?» ብላ ሙጭጭ አለች። ሠፈሩ በሙሉ ፈራ፤ ይሄ ወግ ከሄደ እኛ ሸክላ ሠሪዎች በዚያ ግቢ ከተመልካች በምን እንለያለን? በመጨረሻ ትልቁ ካህን «በሩ ይፍረድ» አሉና ነገሩ በዚያ ተቆረጠ።

በሠርጉ ጠዋት ማማው አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ከበሮውና መለከቱ ጆሮ ያደነቁር ነበር። መጀመሪያ የገባው የቫይራቫን የወንድም ልጅ ነው፤ የብር ማሰሮ በራሱ ላይ፣ ሐር በወገቡ ላይ። ገና ሲንበረከክ ውሃው ግልብጥ አለበት። አክስታችን ፓቻይ ታውቃታለህ፣ አፏ አያርፍም፤ «ኧረ ሙሽሪትን እጠብ ቢሉት ራሱን አጠበ! ሳሙና ስጡት!» ብላ ሕዝቡን በሳቅ ገደለችው።

ቀጥሎ እምዬ ገባች። ያ ግንብ ውፍረቱ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ጉልበቷ እንደያዛት ገባኝ፤ ከበሮውም ዝም አለ። ከዚያ ከግንቡ ውስጥ ድምፅዋ ተሰማ፤ ሺቫን ነው የምትቆጣው! «አንተ ሙሽራ! ልጅ ሰጥተን ውሃ ተሸክመን፣ በሩን ትንሽ ከፍ ብታደርገው ምን ነበረበት? አማትህን እንዲህ ታስድሃለህ?» ሕዝቡ አውካካ። እሷም እንደተቆጣች ወጣች፤ ከእንስራው አንዲት ጠብታ አልፈሰሰም። እልልታው ማማው ላይ የሰፈሩትን ርግቦች ሁሉ አስነሳ። እኔማ አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅህ።

ካህኑ ለሚድረው ሰው የሚጠመጠመውን ቀይ ሐር ይዘው አመነቱ፤ በሴት ራስ ላይ ታስሮ አያውቅማ። እምዬ እንስራውን አስረክባ፣ «ውሃውን የተሸከመው ራስ ይኸው፤ ሌላ ራስ ይፈልጋሉ?» አለቻቸው። ካህኑ ሳቅ እያሉ ጠመጠሙላት። ቫይራቫን እንኳ ሳይወድ በግዱ አጨበጨበ። ኮዲያምማም በእኛ ውሃ ታጥባ፣ በእኛ እጅ ተዳረች።

እናም ወንድም ጋሼ፣ ተዉት ያልከውን አልተውነውም። ለከርሞ ፈቃድ አግኝተህ ከመጣህ ደግሞ ወጉ የኔ ነው ብለህ እንዳትነግራት፤ ለምናት እንጂ።

ባለቤቴን ኤዚልን በጣም ናፍቀኸዋል። አክስት ፓቻይ ጉንጭህን ሳመችው፤ ከስቶ ከሆነም ትቆጣሃለች። ልጆቼ አጎታችን መቼ ነው የሚመጣው ይላሉ። አብሮህ ለሚኖረው ለራማሊንጋም ሰላምታዬን አድርስልኝ። እምዬ ግን ሰላምታ አልላከችም፤ «እጄ ላይ ነው፣ መጥቶ ይውሰድ» ብላለች።

እህትህ ሴምባካም

ማንቃራይ፣ ከሠርጉ ማግስት፣ በፓንጉኒ ወር