አንተ ያልኋቸው ቀን

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ተረኛ እኔ ነበርሁ። እንግዳ ማረፊያው ጭር ብሏል። አንድ ከጎንደር የመጣ መሐንዲስና ሁለት ሙሽሮች ብቻ። ሙሽሮች ደግሞ ቴሌቪዥን አይፈልጉም! እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ዲሽ የግሌ ሆኖ ዋለ።

ራግቢ። ቀያዮቹ ከአረንጓዴዎቹ። የፈረንሳይ ክለቦች ናቸው፤ ስማቸውን ስጠራ ምላሴ ስለሚተሳሰር በቀለማቸው ነው የማውቃቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የቀያዮቹ ደጋፊ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ሌላ ደጋፊ አላቸው? እንጃ... አንድ አላቸው። አባቴ፣ አባባ።

ጀልባ የሚሠሩበት ግቢ ከእኛ ማረፊያ አጥር ለአጥር ነው። ጨዋታ ሲኖር "ውሃ ልጠጣ ነው የመጣሁት" ይላሉ። ውሃውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እስኪያልቅ አይነሱም። ወንድሜ ሙኒር በሁለታችንም ይስቃል። "ኳስ እያለ፣ ወፋፍራም ወንዶች ተያይዘው ሲወድቁ ምን ብላችሁ ታያላችሁ?"

አባባ በጣም የሚወዱት ስክረሙን ነው። ስምንት በስምንት ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲገፋፉ ከወንበራቸው ይነሳሉ። "ይሄ እኮ ጀልባ ወደ ውሃ ማውረድ ነው! ተመልከች፣ ያ የኋለኛው እግሩን አልተከለም። ይሄው... ወደቁ።" ወደቁ። እኔ ሕጉን አንብቤ ያልገባኝን እሳቸው በዓይናቸው ያዩታል።

ዳኛው የሚለውን ተርጉሚልኝ አሉ።

"ጎንበስ! ያዝ! ግፋ! ነው የሚለው።"

"ሁሉንም አንተ ነው የሚላቸው? ያን ጢማሙንም?"

"ሜዳ ላይ አንቱታ የለም አባባ።"

"ጉድ ነው" አሉ። ደስ ያላቸው መሰለኝ።

ከዕረፍት በኋላ ግድግዳው ተመታ። የቀያዮቹን ቁጥር ሁለት ነው ግድግዳው የምለው። ጭንቅላቱ ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጨ። ወዲያው ተነሳ፤ ሳቀም። ሐኪሙ ግን ገብቶ ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀውና ክንዱን ይዞ አስወጣው። አባባ ተናደዱ። "ደህና ነኝ እያለ!"

"ደህና ነኝ ማለቱ አይቆጠርም። የትኛው ሜዳ ላይ ነን? ባለፈው ከማን ጋር ተጫወታችሁ? ብለው ይጠይቁታል። ከተምታታበት አለቀ።"

"እኔን ቢጠይቁኝማ አንዱንም አልመልስ" ብለው ሳቁ። ቀያዮቹ ተሸነፉ። ግድየለም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሥራ የለኝም። ስተኛ ስነሳ ሳነብ ዋልሁ። ድሮ ቱሪስት እንደ ልብ በነበረበት ጊዜ ጥለዋቸው ከሄዱት መጻሕፍት ነው፤ ማረፊያው መደርደሪያ ላይ ከእኔ በቀር የሚነካቸው የለም። ዘንዶ፣ ጠንቋይ፣ የሚናገር ወንዝ... ፋንታሲ ይሉታል። እማዬ ሽፋኑን አየችና "የአንቺ እኩዮች ልጅ ያሳድጋሉ፣ አንቺ ዘንዶ" አለች።

አምስት ቅጽ ነው። አምስተኛው መደርደሪያው ላይ የለም። አንዱ ቱሪስት ይዞት ሄዷል። አላህ ይይለት።

ዛሬ ያነበብሁት ላይ ጀግናው በብረት ዱላ ጭንቅላቱን ተመታ። ወደቀ። ሲነጋ ነቃ፤ "ራሱን ትንሽ አመመው" ይላል፤ ከዚያ ፈረሱ ላይ ወጣ! ብቻዬን ሳቅሁ። ዘንዶውን አምናለሁ። ወንዙንም አምናለሁ። ይሄን ግን አላምንም። እዚያ አገር ግድግዳውን ያስወጣው ዓይነት ሐኪም የለም?


ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሐኪም ቤት። ኮሪደሩ ላይ ነኝ። ከጻፍሁት ይወጣልኝ እንደሆነ።

ትናንት ከሥራ ስገባ አባባ የዐስርን ሰላት እየሰገዱ ነበር። ጨረሱ። ሻይ ጠጡ። ጨዋታም ተጫወቱ። ከዚያ ተነስተው ውዱእ አደረጉና መስገጃውን እንደገና ዘረጉ።

እማዬ "ቀዷ ይኖርባቸዋል" አለች። አባባ? ሰላት የሚያልፋቸው ሰው ናቸው እንዴ?

ሲጨርሱ ጠጋ አልሁ። "አባባ፣ ምን ሰገዱ?"

"ዐስርን ነዋ።"

"ቅድም የሰገዱትስ?"

"ቅድም መቼ?"

ሙኒርን አየሁት። አንገቱን ደፋ። "ቀን ላይ የጀልባዋ ድጋፍ ተንሸራቶ ጣውላ ነካቸው... እዚህ፣ ከጆሯቸው በላይ። ግን ወዲያው ተነስተዋል። ሲስቁ ነበር።"

ሲስቁ ነበር! ግድግዳውም ሲስቅ ነበር።

ጠየቅኋቸው። ምን እንደምጠይቅ አውቅ ነበር፤ የትኛው ሜዳ ብዬ አልጠይቃቸው። "አባባ፣ አሁን የሚሠሯት ጀልባ የማን ናት?"

"የሱሌማን ናት። የማን ልትሆን ነው?"

የሱሌማን ጀልባ ሐይቁ ላይ ከወረደች ስንት ጊዜዋ! ዘጌ ትመላለሳለች። አሁን የሚሠሯት የአባ ወልደ ዮሐንስ ናት፣ ለደሴቱ ገዳም። ሙኒርም ያኔ ደነገጠ።

እሳቸው ግን "ደክሞኛል፣ ትንሽ ጋደም ልበል" አሉ። እማዬ ትራስ አመጣች። "ይተኙበት፣ ሲነሱ ይተዋቸዋል።" ትራሱን ቀማኋት። ይነሱ ሐኪም ቤት እንሂድ አልሁ። "ምንም አልሆንሁም" አሉ። ለመንኋቸው። እጃቸውን ሳምሁ። "ተይኝ አንቺ ልጅ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሙኒር "ራግቢ አይተሽ ሐኪም ሆንሽ?" አለ፤ ግን ድምፁ ፈርቷል።

ከዚያ... ከየት እንደወጣኝ አላውቅም።

"ተነስ! አንተ! ተነስ ብዬሃለሁ!"

እማዬ አፏን ያዘች። በሕይወቴ አባቴን አንተ ብዬ አላውቅም። በቤታችን ማንም አይላቸውም፤ እማዬ ራሷ አትላቸውም። አባባ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። እና ተነሱ። ቀጥ ብለው።

ባጃጅ ውስጥ አስመለሳቸው። ሐኪም ቤት ስንደርስ እኔንም መለየት አቅቷቸው ነበር። ሲቲ ስካን አነሷቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ቋጥሯል። ሐኪሟ "ተኝተው ቢሆን ኖሮ..." ብላ ተወችው። ቶሎ አስገቧቸው። ደሙ ወጥቷል፣ ቀዶ ጥገናው ጥሩ ነው ብለውናል። እስካሁን ግን አልነቁም።

አንድ ነገር አልለቅ ብሎኛል። ካልነቁስ? ለአባቴ የተናገርሁት የመጨረሻ ቃል "አንተ" ሊሆን ነው?


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ነቁ። ውሃ ጠየቁ። አልሐምዱሊላህ።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ሐኪሟ ጠዋት መጥታ ጠየቀቻቸው። የት እንዳሉ፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ቀኑን። "ቀኑን እናንተ ታውቁታላችሁ፣ እኔ ተኝቼ ነው የከረምሁ" አሏት። ሳቀች። እኔ አላስቻለኝም።

"አባባ፣ ጀልባዋ የማን ናት?"

"የአባ ወልደ ዮሐንስ ናታ! ጎኗ ገና አላለቀም። ሙኒር ብቻውን ምስማር እንዳይመታባት ንገሪው።"

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስሁ። ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ከትከሻዬ ላይ አንድ ነገር የወረደ ያህል። ሙኒር መጣና አጠገቤ ቆመ። ስለ ምስማሩ ነገርሁት። "ያለ እሳቸው መቼ ነክቼ አውቃለሁ?" አለ። እሱም ዓይኑ ቀልቷል።

ያን ቀን የሆነውን ያስታውሱ እንደሆነ በዘዴ ጠየቅኋቸው። "ከጣውላው በኋላ ያለው ጨልሞብኛል" አሉ። እፎይ! አንተ ማለቴንም አያውቁም ማለት ነው። እማዬንና ሙኒርን አስምያቸዋለሁ፤ ትንፍሽ እንዳይሉ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ቤት ገባን። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል። አክስቴ ሳዲያ ከቆላ ድባ ሽምብራ አስጭና መጣች። "ልጅቷ ናት አሉ ያወቀችው! በምን አወቅሽ?" ትለኛለች። ከራግቢ ብላት ምን ልትል ነው? ዝም ብዬ ሳቅሁ። ሙኒር ግን ከበሩ ላይ ሆኖ "ከራግቢ" አለ። በኩራት!

ሐኪሟ ከባድ ሥራ የለም፣ ስልክና ቴሌቪዥንም ለጊዜው ይቅርባቸው ብላለች። አባባ ጀልባውን ከመከልከላቸው ይልቅ ቴሌቪዥኑ ያናደዳቸው ይመስላል።


ሰኞ፣ ኅዳር 1

ሥራ ፈትተው መቀመጥ አልቻሉም። "ያን ዘንዶሽን አንብቢልኝ" አሉ። እኔ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ችግሩ ጠንቋዩ ነው። ጠንቋይ ካልሁ አይሰሙኝም፤ ስለዚህ "አንድ አዋቂ ሽማግሌ" አደረግሁት። ሦስት ቀን ተሳካ። ዛሬ ሽማግሌው ከጣቱ እሳት አወጣ።

"ቆይ። ይሄ ሽማግሌ እሳቱን ከየት አመጣው?"

"ክብሪት ነበረው።"

"ሪሃና።"

"...ጠንቋይ ነው አባባ።"

"ያውም ጠንቋይ ሆኖ ዘንዶውን መያዝ አቃተው?" አሉ። "በይ ቀጥይ።"

ጀግናው በብረት ዱላ የተመታበትን ገጽ ዘለልሁት። ማንበብ አልቻልሁም። ቀላል የሆነ አስመስሎ የጻፈውን ሰው ተቀይሜዋለሁ፤ ይቅር እለው ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይደለም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ግድግዳው ተመለሰ!

አባባ አይቀሩም። ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጡ። "እኔ አላይም። አንቺ ንገሪኝ።" እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ሆንሁላቸው። ሙኒርም መጣ፤ "ውሃ ልጠጣ ነው" አለ። ተያየን።

"አባባ፣ ግድግዳው ገባ።"

"ሐኪሙ ፈቅዶለታል?"

"ፈቅዶለታል።"

"እንግዲያው ይግፋ።"

ገፋ። ሰባት ሰው ከጎኑና ከኋላው ይዞ ገፋ። ሙኒር ነበር ከሁላችንም በላይ የጮኸው። እስካሁን ያልሄደው መሐንዲስ ከክፍሉ ወጥቶ እሳት የተነሳ መስሎት ጠየቀን።


ሐሙስ፣ ኅዳር 18

አራተኛው ቅጽ አለቀ። ዘንዶው ተራራው ላይ ቆስሎ ቀረ። "ከዚያስ?" አሉ። የለም አልኋቸው። አምስተኛው የለም።

"እንዴት የለም? ዘንዶውን እዚያው ጥለነው ልንተኛ ነው?"

እስኪደክማቸው ድረስ ከራሳቸው እየፈጠሩ ጨረሱት። ዘንዶው ዳነ። ተራራውን ለቆ ወደ ሐይቅ ወረደ። ሥራም አገኘ፤ ጀልባ ይጎትታል። ከዚህ የተሻለ መጨረሻ ይጻፋል ብዬ አላስብም።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

ዛሬ ጀልባዋ ወረደች።

ጎኗን የጨረሰው ሙኒር ነው፤ አባባ ወንበር ላይ ሆነው እያረሙት። ጠዋት የሰፈሩ ወንዶች ተሰበሰቡ። አባ ወልደ ዮሐንስም ከደሴቱ መጡ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ አሰሩና ከሰዉ ጋር ተሰለፉ። አባባ ቢስሚላህ አሉ፣ እሳቸው አማተቡ። አባባ ከወንበራቸው ጮኹ።

"ጎንበስ! ያዝ! ግፋ!"

አባ ወልደ ዮሐንስ ቀና አሉ። "አብዱልከሪም፣ እኔንም ነው አንተ የምትለኝ?"

"ይቅርታ አባ። ሜዳ ላይ አንቱታ የለም።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ገፉ። ጀልባዋ ትንሽ ሄደችና ጭቃው ላይ ቆመች። እንደገና ገፉ። እምቢ አለች። ዞር ስል አባባ ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አድርገዋል። ትከሻቸውን አዘጋጅተው እየሄዱ ነው!

"አባባ፣ ይቀመጡ!" አልሰሙኝም። "አባባ፣ እባክዎ፣ ሐኪሟ አልፈቀደችም!" ይሄዳሉ። እጃቸው ጣውላውን ሊነካ ሲል...

"አንተ! ተመለስ!"

የሐይቁ ውሃ ብቻ ነበር የሚሰማው። እማዬ እንደገና አፏን ያዘች። እኔ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባባ ዞሩ። አልተቆጡም። ትኩር ብለው አዩኝና ፊታቸው ቀስ እያለ ፈታ አለ።

"ለካ አንቺ ነሽ" አሉ።

"ምኑ?"

"ያን ቀን ሁሉ ነገር ጨልሞብኝ ነበር። ተኛ ተኛ ይለኛል። መተኛቱ ደግሞ ደስ ይል ነበር ሪሃና... አንድ ዳኛ መጥቶ 'ተነስ' አለኝ። የሰው ዳኛ ይሁን ሌላ አላወቅሁም። ዳኛ ነው ብዬ ተነሳሁ።"

ተመልሰው ሄዱና ኮታቸውን ለብሰው ተቀመጡ።

"በይ፣ ዳኛ" አሉ። "አንቺ ጥሪው።"

ወንዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ሙኒር፣ ሱሌማን፣ ጎረቤቶቻችን፣ አባ ወልደ ዮሐንስ። ግማሾቹ ሳያቸው ከመቀመጫዬ የምነሳላቸው ሰዎች ናቸው። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ጎንበስ!" አልኋቸው። "ያዝ! ...ግፋ!"

ጀልባዋ ውሃ ገባች።